ጫማው ያልተራገፈው ሌባ

ዋሲላ ልትፈታው የተነሣችው ችግር ሲነገር አጭር ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ ያለው ‹‹ጎሕ›› የተባለው የሰሊጥ አቅራቢዎች ማኅበር ለአንድ ገዢ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ደብዳቤው ማኅተም እንኳ ሳይመታበት፣ ምናለ የሚባለው ተፎካካሪ ነጋዴ ያንኑ ገዢ በስልክ ያገኘዋል። የማኅበሩ መኪና ጆንያ ጭኖ ሲደርስ ገዢው ‹‹ይቅርታ፣ ከሌላ ይዣለሁ›› ይላል። መጀመሪያ ላይ አጋጣሚ ነው ተባለ። ቀጥሎ ‹‹ምናለ እኮ ድሮም አፍንጫው ከሩቅ ያሸታል›› ተባለ። አዝመራው ሊጠቃለል ሲል ግን የማኅበሩ መጋዘን እስከ ጣሪያው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የምናለ መኪኖች የጎንደርን መንገድ አቧራ በአቧራ ሲያደርጉት ‹‹ከመካከላችን ወሬ አቀባይ አለ›› ተባለ። ይህን ለማለት ብዙ ጥበብ አያስፈልግም። ጥበብ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከማኅበሩ ቢሮ ከጠፋ ቆይቷል።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ይርዳው ከጎንደር ባለሙያ አስጠሩ። አለምሰገድ ይባላል፤ የማኅበሩን ኮምፒውተሮች ድሮም የገጠማቸው እሱ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ፤ ቢሮ ከገባ በኋላም አላወለቀውም። በመነጽሩ ውስጥ ምን እንደታየው እንጃ፣ ለምሳ ሳይወጣ ፍርዱን ሰጠ።

‹‹ኮምፒውተሮቻችሁ ላይ ፋየርዎል አለ›› አለ። ‹‹ግንብ በሉት። ከውጭ የሚገባ የለም። ማሽኑ ንጹሕ ከሆነ የቀረው ሰው ነው። ደብዳቤዎቹ ሁሉ የተከፈቱት ደግሞ በአንድ ኮምፒውተር ነው፤ መስኮቱ ሥር ባለው።››

መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ጸሐፊዋ አይናዲስ ናት።

አይናዲስ ከጎጃም፣ ከደጋ ዳሞት፣ ከመንደሯ ልጆች ጋር ሰሊጥ ልታርም ወደ ቆላ የወረደች ናት። አዝመራው ሲያልቅ ሌሎቹ ተመለሱ፤ እሷ ቀረች። የዋሲላን የኮምፒውተር ሱቅ ጓሮ ክፍል ተከራየች፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ጽሕፈት ተማረች፣ ማኅበሩ ውስጥ ተቀጠረች። ያም ሆኖ ለከተማው ሰው ያው ‹‹የመጣች›› ናት። ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ በአቶ ይርዳው ሕግ፣ የሚደብቀው ነገር አለው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ስንት ነገር እንደሚደብቁ ግን ሕጉ አይናገርም።

አቶ ይርዳው አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ አሮጌ ነገር ነው። ከብት ሲጠፋ ወይ ጎተራ ሲሰበር የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ በሃይማኖቱ ይምላል፤ ያየውን የሰማውን ያወጣል፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እዚያ ስሙ የተነሣ ሰው ስሙ የሚነጻው እዚያው አደባባይ ላይ ሲመለስለት ብቻ ነው። በመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው ኒም ዛፍ ሥር የቢሮው ሠራተኞች፣ ዘበኞቹ፣ ሾፌሮቹ፣ ጆንያ ተሸካሚዎቹ ተሰበሰቡ። ከተሸካሚዎቹ መካከል ዘንድሮም ለሥራ የወረዱ የአይናዲስ መንደር ልጆች ነበሩ። የማኅበሩ ሽማግሌ ሐጂ አብዱረሕማን መሐል ተቀመጡ። ዋሲላም ነበረች፤ የማኅበሩን ማተሚያ የምትጠግነው እሷ ስለሆነች ‹‹ቢሮ የገባ ሁሉ›› በሚለው ውስጥ ተቆጠረች።

ሁሉም ማለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማለ። ሌባ አልወጣም። ያኔ አቶ ይርዳው ተነሡ።

‹‹የመሐላው ነገር እንደምታዩት ነው›› አሉ። ‹‹ባለሙያው ግን መስክሯል። ደብዳቤው ሁሉ የወጣው ከአይናዲስ ኮምፒውተር ነው።››

አይናዲስ ቀስ ብላ ቆመች። ‹‹እንዲያው ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ ሁላችሁም የምትጽፉት በኔው ላይ አይደለም እንዴ?››

‹‹የይለፍ ቃሉ ያንቺ ነው።››

‹‹ግድግዳው ላይ የለጠፉት እርስዎ ነዎት።››

አንድ ሾፌር ሳቀ። አቶ ይርዳው ግን ጉባኤውን ለሳቅ አልጠሩትም፤ አይናዲስን ከሥራ አገዷት። ተሸካሚዎቹ ደግሞ እርስ በርስ ተያዩ። የሰሊጡ ሥራ ሲያልቅ ሂሳባቸውን ተቀብለው አውቶብስ ይሳፈራሉ፤ ደጋ ዳሞት ሲደርሱ ስለ አዝመራው ከመጠየቃቸው በፊት ስለ አይናዲስ ይጠየቃሉ። የሚመልሱት ኒሙ ሥር የሰሙትን ነው። አይናዲስ ያንን ከማንም ቀድማ ተረዳችው። ማታ ለዋሲላ ያለቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ‹‹ሥራውስ ይቅር፣ እታለም። እናቴ ጋ ወሬው ቀድሞኝ ይግባ?››

ዋሲላ በማግስቱ ሐጂ አብዱረሕማን ሱቅ ሄደች። የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራለች፤ ምላሷን ያልቀመሰ ደንበኛ የላትም።

‹‹ሐጂ፣ መጋዘኑ በር ላይ ተሸካሚ ሲወጣ ምን ታደርጉታላችሁ?››

‹‹ጫማውን ያራግፋል። ኪሱን ይገለብጣል። እፍኝ ሰሊጥም ቢሆን የማኅበሩ ነው።››

‹‹ሲገባስ?››

‹‹ሲገባ ምን ይዞ ይገባል? ባዶውን ነው።››

‹‹አያችሁ፣ ለሰሊጥ ሲሆን ታውቁታላችሁ። ሌባ የሚያዘው ሲወጣ ነው። ለኮምፒውተር ሲሆን ግን መግቢያው ላይ ግንብ አቆማችሁና ‹ንጹሕ ነው› አላችሁ። የሚወጣውን ጫማውን ያራገፈው ማነው? ማንም። የድሃ ልጅ ጫማ ታራግፋላችሁ፤ ኮምፒውተራችሁ ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ በር ይዛችሁ ታሳልፉታላችሁ።››

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። ‹‹ልጄ፣ ስድብሽን ቀንሰሽ የምትፈልጊውን ንገሪኝ።››

‹‹ኮምፒውተሮቹን ላውጫጭን። ሰዉ ማለ፤ እነሱ ገና አልማሉም።››

ሐጂ ፈቀዱ። ተሸካሚዎቹ ከመሄዳቸው በፊት እንዲያልቅ ግን ነገሯት።

አሁን ዋሲላ ያደረገችውን በቅደም ተከተል ማየት ደስ ይላል፤ ነገሩ ከውጭ እንደሚመስለው አስማት አይደለምና። ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር ዝም ብሎ የተቀመጠ ሲመስል እንኳ ያወራል። አንዱ ፕሮግራም ሰዓት ይጠይቃል፣ አንዱ አዲስ ነገር መጣ ወይ ይላል፣ አንዱ መልእክት ይፈትሻል። ኮምፒውተሩን ‹‹አሁን ከማን ጋር ነህ?›› ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ አለ፤ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ሲጻፍ መስመር በመስመር ይመልሳል፦ የትኛው ፕሮግራም፣ ወደ የትኛው አድራሻ። ኬላ ላይ መኪና አስቁሞ ‹‹ሾፌሩ ማነው፣ ወዴት ነህ?›› እንደማለት ነው። ከዚህ በላይ ቀላል ጥያቄ የለም። የማኅበሩ ቢሮ ኮምፒውተር ከገዛ ጀምሮ ግን አንድም ሰው አንድም ቀን አልጠየቀውም።

ዋሲላ ጠየቀች፤ ወዲያውም ተሳሳተች። የመጀመሪያው ምርመራዋ የአቶ ይርዳው ላፕቶፕ ነበር። ስሙን ሰምታው የማታውቅ ፕሮግራም ባሕር ማዶ ካለ አድራሻ ጋር ተያይዞ አገኘች። ልቧ ዘለለ፤ የጠላችው ሰው ላፕቶፕ ስለሆነም ትንሽ ከፍ ብሎ ዘለለ። በዚያ ሙቀት ወደ ሐጂ ሱቅ ገሰገሰች። ‹‹ይዤዋለሁ›› አለች። ተጠራርተው መጥተው ሲከፈት የእግር ኳስ ውጤት የሚያመጣ ፕሮግራም ሆነ። አቶ ይርዳው ለብዙ ሳምንት ያልሳቁትን ሳቅ ሳቁ።

‹‹አርሰናልም ምናለ ጋ ነው የሚሠራው?›› አሉ።

ከሳቁ ይልቅ ዋሲላን የጎዳት የሐጂ ቃል ነበር። እየወጡ ሳለ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ ‹‹ልጄ›› አሏት፣ ‹‹አንቺስ ከይርዳው በምን ተሻልሽ? የማታውቂውን እንግዳ ስታዪ ሌባ አልሽው።››

ቀኑን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ዋለች። ሰው ሁሉ የሚሠራት ስሕተት ናት፦ ያላወቀውን ነገር ክፉ ማለት። የኮምፒውተር መስመር ሲያነቡም እንዲሁ ነው። የማይታወቅ ስም ሁሉ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ አንድም ንጹሕ ማሽን በምድር ላይ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ጥያቄዋን ቀየረች። ‹‹እንግዳ ነህ ወይ?›› ማለቱን ትታ ‹‹ሥራህ ምንድን ነው? የምታደርገውስ ከሥራህ ጋር ይገጥማል ወይ?›› አለች። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ጤነኛው ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። የራሷን ሱቅ ኮምፒውተር ለብቻው አስቀምጣ ሲያወራ ሰማችው። የትኛው በምን ያህል ጊዜ እንደሚወጣ፣ ምን ያህል እንደሚሸከም ለየች። ጤነኛውን የማያውቅ ሰው በሽተኛውን ለየሁ ቢል ወሬ ነው፤ የጥቁር መነጽሩ ሰውዬ ያወራው ወሬ ይህ ነበር።

ቀጥሎ ሰዓት መረጠች። በቆላ ቀትር ላይ ቢሮ ይዘጋል፤ ፀሐይዋ እስክትበርድ ማንም ወንበር ላይ አይገኝም። ሰው በሌለበት የሚያወራ ኮምፒውተር የሚያወራው ለራሱ ጉዳይ ነው። ዋሲላ ከሐጂ ቁልፉን ተቀብላ በዚያ ሰዓት ገባች። የተከፈተውን ሁሉ ዘጋች፣ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የተቀመጠችው መስኮቱ ሥር ባለው የአይናዲስ ኮምፒውተር ፊት ነው። መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተሩ ገመድ የሚደርሰው እዚያ ጠረጴዛ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ በማኅበሩ የማይጠፋው ማሽን እሱ ብቻ ነው። መብራት ሄደ ሲባል የቢሮው ሰው ሁሉ ተንጋግቶ በተራ የሚጽፈው በእሱ ላይ ነው። አለምሰገድ ‹‹ሁሉም የተከፈተው በዚህ ነው›› ሲል ያወቀው ስለ ሌባው አልነበረም፤ ስለ ገመዱ ርዝመት ነበር።

ማሽኑ ዝም አለ። ሰዓት የሚጠይቀው ጠየቀና ተመለሰ። አዲስ ነገር የሚፈትሸው ፈተሸና ዝም አለ። እነዚህን ለይታ አውቃቸዋለች። አንዱ ግን ይወጣል፣ ‹‹አለሁ›› የሚያክል ትንሽ ነገር ይናገራል፣ ይመለሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይወጣል። አሁንም እንዲሁ። ሰው እንዲህ አይደውልም። ሰው ሲደውል አንዴ ይረሳል፣ አንዴ ይደጋግማል፣ አንዴ ያኮርፋል። ይሄ ግን እንደ ውሃ ፓምፕ ነው፤ ምቱ አይዛነፍም። ዋሲላ ከወንበሯ ወደፊት ተጠጋች። የውሸት ደብዳቤ ከፍታ ሁለት መስመር ጻፈችና ትታ ጠበቀች። ደቂቃዎች አለፉ። ድንገት ያ ትንሽ ‹‹አለሁ›› ባይ ትልቅ ሸክም አንሥቶ ወጣ፤ የስክሪኑ ምስል ሙሉውን፣ ቃል በቃል። ከወዲያ በኩል ያለ ሰው ማየት ጀምሮ ነበር።

‹‹ኸላስ፣ በቃ›› አለች ለባዶው ቢሮ። ‹‹ጫማህን አራግፍ።››

የፕሮግራሙ ስም ‹‹ረዳት›› ይል ነበር። አሁን አልሮጠችም፤ ከአርሰናል ተምራለች። መጀመሪያ ሥራውን ጠየቀች። ረዳት ሩቅ ያለ ጠጋኝ የሌላውን ሰው ኮምፒውተር እያየ እንዲጠግን የተሠራ ነው፤ በራሱ ክፉ አይደለም። ከውጭ መጥቶ ግንቡን አያንኳኳም። ከውስጥ ወደ ውጭ ወጥቶ መሐል ላይ ያለ አገናኝ ጋ ይቆማል፣ ‹‹የሚፈልገኝ አለ?›› ይላል። የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው ‹‹እኔ እፈልግሃለሁ›› ሲለው እጁን ይዞ ያስገባዋል። ስለዚህ ግንቡ አልዋሸም፤ የቤቱ ልጅ ራሱ በር ከፍቶ ያስገባውን እንግዳ ግንብ ምን ያደርገዋል? የቀረው ጥያቄ ረዳትን ማን እንዳስገባውና ቃሉን ማን እንደያዘው ነበር። ለአለምሰገድ ደወለች።

‹‹መስኮቱ ሥር ያለው ኮምፒውተር ላይ ረዳትን የጫንከው አንተ ነህ?››

‹‹አዎ፣ ከጎንደር ሆኜ እንድጠግን። በየጊዜው እዚያ ሙቀት ውስጥ ልመላለስ?››

‹‹የይለፍ ቃሉስ?››

‹‹ለደንበኞቼ ሁሉ አንድ ነው። ለማስታወስ ይቀላል።››

‹‹ምናለ ደንበኛህ ነው?››

‹‹ነው። ቃሉን ራሴ ሰጥቼዋለሁ፣ ለራሱ ማሽን። ምን ችግር አለው?››

‹‹ምንም›› አለች ዋሲላ። ‹‹ለከተማው ሁሉ አንድ ቁልፍ ቀርጸህ ስታበቃ ‹ሌባዋ ጸሐፊዋ ናት› ከማለትህ በቀር ምንም ችግር የለውም።››

ያኔ አለምሰገድ መነጽሩን አውልቆ ይሆናል።

ማረጋገጫ ግን ያስፈልግ ነበር፤ መጠርጠርና ማወቅ ለየቅል ናቸው። አይናዲስ ቢሮ ከረገጠች ቆይታለች። ሌላው ሠራተኛ ለቀትር ወጥቷል። ዋሲላ በሐጂ ፊት፣ በዚያው ማሽን ላይ፣ አንድ ደብዳቤ ጻፈች፦ የአንድ ትልቅ ገዢ ወኪል በሽንፋ ገበያ ዳር፣ ድልድዩ አጠገብ ባለው ሻይ ቤት የማኅበሩን ተወካይ ሐሙስ ቀን ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ወኪል አልተፈጠረም። ደብዳቤው አልታተመም፤ ከዚያ ቢሮ ወረቀት አልወጣም። ከዋሲላና ከሐጂ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ምናለ ሽንፋ ተገኘ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ የናሙና ሰሊጥ በጨርቅ ቋጥሮ፣ ዝንብ እያባረረ የሌለ ሰው ሲጠብቅ ዋለ። የሐጂ ዘመድ ከአጠገቡ ተቀምጦ ‹‹ማንን ነው?›› ቢለው ‹‹አንድ ወዳጄን›› አለ። ከሰዓት በኋላ ሸሚዙ ነጭነቱን ትቶት ነበር፤ እሱ ግን ስግብግብ ነውና አልተነሣም።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ አልሳቁም። ‹‹እኛም እንዲሁ ነን›› አሉ። ‹‹የሌለ ሌባ ኒም ሥር ቁጭ ብለን ጠበቅን።››

እዚህ ላይ ታሪኩ ያልቃል ብሎ የሚያስብ ሰው አቶ ይርዳውን አያውቃቸውም። ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የግድግዳውን የይለፍ ቃል ነቀሉ፣ ለዋሲላ ‹‹አመሰግናለሁ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል›› አሏት። አይናዲስ ሰኞ ሥራ እንድትገባ መልእክት ላኩ። በቃ። አደባባይ የወጣን ስም በመልእክት ሊመልሱ አሰቡ።

‹‹አልገባም›› አለች አይናዲስ። ‹‹የመንደሬ ልጆች እሑድ ይሳፈራሉ። የሰሙት ያንን ነው። ስሜን ኒሙ ሥር አነሡት፣ ኒሙ ሥር ይመልሱልኝ።››

ዋሲላ ይህን ይዛ አቶ ይርዳው ቢሮ ገባች።

‹‹ጋሼ፣ አውጫጭኙን መልሰው ይጥሩ።››

‹‹ለምን? ሰዉ ሥራ ፈት ነው?››

‹‹ልጂቱን ለማዋረድ ሲሆን ሥራ አልነበረበትም።››

‹‹ብጠራስ ማን ይመሰክራል? ኮምፒውተር አይምልም። ‹ረዳት፣ አገናኝ› ብትያቸው ተሸካሚዎቹ ምን ይገባቸዋል? አከራይዋ ናት ያዳነቻት ይላሉ።››

እውነት የማይወድ ሰውም እውነት የሚናገርበት ጊዜ አለ፤ ይህ አንዱ ነበር። ዋሲላም እየከነከናት ተቀበለችው። ሰው ያላየውን አያምንም። ስለዚህ ያሳዩታል። ተሸካሚዎቹ እጅ ሳይነካው ወደ ውጭ የሚያወራውን ኮምፒውተር በገዛ ዐይናቸው ያዩ እንደሆነ መሐላ አያስፈልግም። ረዳትን ከማሽኑ አላጠፋችውም፤ የይለፍ ቃሉን ቀይራ ምናለን ውጭ አስቀርታዋለች፣ ረዳት ግን አሁንም በየጊዜው እየወጣ ‹‹አለሁ›› ይላል። ምስክር ነው፤ በሕይወት መቅረብ አለበት። ሐጂ ቃላቸውን ሰጡ፤ እሑድ ጠዋት፣ አውቶብሱ ከመነሣቱ በፊት፣ ጉባኤው ይቀመጣል። አቶ ይርዳውም ይቆማሉ፤ ያስነሡትን ስም ራሳቸው ይመልሳሉ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዋሲላ ኮምፒውተሩን ተሸክማ ኒሙ ሥር አድርሳ ባዶ የሰሊጥ ጆንያ ላይ አስቀምጣዋለች። ኢንተርኔቱን ከስልኳ ትሰጠዋለች። ስክሪኑን ሰው እንዲያይ ወደ ቁመተ ረጃጅሞቹ ተሸካሚዎች ሳይሆን ፊት ለፊት ወደሚቀመጡት አዙራዋለች፤ ፊደሉንም አተልቃዋለች። የጄኔሬተሩ ገመድ ግን ድሮም የሚደርሰው መስኮቱ ድረስ ነበር። ከሱቋ ያመጣችውን ቀጠለችበት፤ ከጋራዥ የተዋሰችውንም ቀጠለች፤ አሁንም መሬቱ ላይ እንደ እባብ ተዘርግቶ ዛፉ ጋ ሳይደርስ አልቋል።

አቶ ይርዳው በረንዳው ላይ ቆመው ያያሉ። ‹‹ጉባኤውን ወደ ቢሮው ማምጣት አይሻልም?›› አሉ።

‹‹ስሟን ቢሮ ውስጥ ነው ያነሡት?›› አለች ዋሲላ፣ ቀና ሳትል።

አይናዲስ ከመንገዱ ማዶ አንድ ባጃጅ አስቁማ ከሾፌሩ ጋር ትከራከራለች። ባትሪውን ለነገ ጠዋት እንዲያውሳቸው ነው የምትለምነው፤ እሱ ደግሞ ‹‹ባጃጄ ያለ ባትሪ በምን ይነሣል?›› ይላል። ዋሲላ የገመዱን ጫፍ በእጇ እንደያዘች ትጠብቃለች፤ የባትሪውን ኃይል ኮምፒውተሩ ወደሚፈልገው የሚለውጠውን ሣጥን በሌላው እጇ አቧራውን እያራገፈች።